በአንድ እሑድ ሦስት ቤተ ክርስቲያን

ለዛሬው ትምህርት መነሻችን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ቁጥር 26 ነው። ጳውሎስ በአቴና በአርዮስፋጎስ ቆሞ ለግሪክ ፈላስፎች ሲናገር የሰው ዘር ሁሉ ከአንድ ሰው የተገኘ መሆኑን ነገራቸው። ንባቡን እዚህ ላይ አታቁሙ። እዚያው ቁጥር ውስጥ እግዚአብሔር ለሕዝቦች ዘመንና የመኖሪያ ወሰን እንዳበጀላቸውም ተጽፏል። ሁለቱ ሐሳቦች አብረው የተጻፉ ናቸው። የደቡብ አፍሪካ ነጮች ሊቃውንት ግን የመጀመሪያውን በቃል እያመኑ በሁለተኛው ላይ ሥርዓት አቆሙ። ወሰን ያበጀ እርሱ ነውና ሰውን በየዘሩ ለይቶ ማኖር ፈቃዱን መፈጸም ነው አሉ። የባቢሎን ግንብ ታሪክንም ለዚሁ ምስክር ጠሩት።

ግማሽ ቁጥር ይዞ የተነሣ ትምህርት መጨረሻው ማን ላይ እንደሚያርፍ ለማየት አንዲት እናትንና ልጇን እንከተላለን። እናቲቱ ፓትሪሺያ ኖምቡዪሴሎ ኖዋ ትባላለች፤ ትውልዷ ከኮሳ ሕዝብ ነው። ልጇ በኋላ በዓለም የታወቀው ቀልደኛ ትሬቨር ኖዋ ነው። የልጅነቱን ታሪክ በ2016 ባሳተመው መጽሐፍ ተርኮታል፤ እኔም ስለ እነርሱ የምነግራችሁን ያገኘሁት ከዚያ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለምጠራ እንዳያደናግራችሁ።

አስቀድመን ሕጉን እንወቅ። በ1927 የወጣው «የብልግና ሕግ» በነጭና በጥቁር መካከል ከጋብቻ ውጭ የሚደረግን ግንኙነት ወንጀል አደረገው። ቅጣቱ ለወንዱ እስከ 5 ዓመት፣ ለሴቷ እስከ 4 ዓመት እስራት ነበር። በ1949 ነጭ ነጭ ያልሆነን ሰው እንዳያገባ ተከለከለ። በ1950 የብልግናው ሕግ ከነጭ በቀር ያለውን ሰው ሁሉ እንዲጨምር ሰፋ። በዚያው ዓመት ሰው ሁሉ በዘሩ እንዲመዘገብ፣ ሰፈርም በዘር እንዲከፈል ታወጀ። መዝጋቢዎቹ የተጠራጠሩትን ሰው ጠጕሩ ውስጥ እርሳስ ሰክተው ይወድቅ እንደሆነ የሚያዩበት ጊዜ ነበር። ስትሰሙት ትስቁ ይሆናል፤ ከአንድ ማኅፀን ወጥተው በመዝገብ የተለያዩት ግን አልሳቁም።

ትሬቨር የተወለደው በጆሃንስበርግ፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1984 ነው። አባቱ የስዊዘርላንድ ተወላጅ ነው። ጋብቻውንም ግንኙነቱንም የሚከለክሉት ሕጎች የተሻሩት በ1985፣ በዘር የመመዝገቡ ሕግ ደግሞ በ1991 ነው። ስለዚህ ልጁ ሲወለድ በእናቱ ላይ የሚቀርብ ማስረጃ ነበር። ሌላ ወንጀለኛ ሰነዱን ያቃጥላል፣ ዕቃውን ይደብቃል። እርሷ ግን ማስረጃውን ማጥባት፣ ማሳደግ፣ እጁን ይዛ መንገድ ማቋረጥ ነበረባት። ለምን ቀይ ሆነ እንዳይሏት፣ የስዋዚ ሕዝብ በተከለለበት በካንግዋኔ የተወለደ ነው ብላ አስመዘገበችው።

እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንሂድ። ከእናንተ መካከል፣ ሴቲቱ በጋብቻ አልነበረችምና ሕጉ ባይኖርም ጥፋት አልነበረባትም ወይ የሚል ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ አልሸሸውም። ቤተ ክርስቲያን ስለ ጋብቻ የምታስተምረው ለማንም አይለዝብም። ፓትሪሺያም ልጅ እንጂ ትዳር አልጠየቀችም። ነገር ግን ያ ሕግ የሚቀጣው ዝሙትን አልነበረም። ሁለት ነጮች ያለ ጋብቻ ቢተኙ አይጠይቃቸውም፤ ነጭና ጥቁር በተክሊል ቢጋቡ ግን ተክሊሉን ያፈርሳል። የጋብቻን በር የዘጋ ሕግ ስለ ንጽሕና የሚናገርበት አፍ የለውም።

ከዚህ የሚለየው ሌላው ነገር ልጁ ነው። በሕዝቅኤል 18 ልጅ የአባቱን ኃጢአት እንደማይሸከም ተምረናል። በዮሐንስ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው፣ ኃጢአቱ የርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ጠየቁ። ጌታ ሁለቱንም መልስ አልተቀበለም፤ የእግዚአብሔር ሥራ ይገለጥበት ዘንድ ነው አላቸው። ወላጆች ስለ ሥራቸው በፈጣሪ ፊት ይጠየቃሉ። የልጁ መፈጠር ግን የፈጣሪው ሥራ ነው። አርአያና አምሳል ለነጭ በሙሉ፣ ለጥቁር በጥቂቱ፣ ለክልስ በመዋጮ የተሰጠ አይደለም። ዘፍጥረት 1 የሰውን መፈጠር ሲተርክ የቆዳውን ቀለም አልጻፈልንም፤ ያልተጻፈውንም የምንጨምር እኛ አይደለንም።

አፓርታይድ የተባለው የዚህ የዘር መለያየት ሥርዓት ሰባኪዎች ሮሜ 13ን ይጠቅሱ ነበር፤ ባለ ሥልጣን ከእግዚአብሔር ነውና ታዘዙ ይሉ ነበር። ለዚህ ዘጸአት 1 እና 2 አጠገቡ ይቀመጥ። ፈርዖንም ባለ ሥልጣን ነበር፤ አዋጁም ሕግ ነበር። የሙሴ እናት ዮካብድ ልጇን 3 ወር ሸሸገችው፤ ዕብራውያን 11 ቁጥር 23 ደግሞ ያን መሸሸግ በእምነት የተደረገ ብሎ ይቆጥረዋል። ቀጥሎ ያለውን ብዙ ሰው ያልፈዋል፤ እናንተ አትለፉት። ሕፃኑ ከወንዝ ከወጣ በኋላ የፈርዖን ልጅ ደመወዝ ቆርጣ እናቱን ሞግዚት አድርጋ ቀጠረቻት። ዮካብድ የገዛ ልጇን እንደ ሌላ ሰው ልጅ አጠባች፤ እናቱ ነኝ ብትል ልጁ ይሞታል።

ፓትሪሺያም ከልጇ ጋር ወደ ውጭ ስትወጣ አንዲት ክልስ ጎረቤቷን ታስከትል ነበር። ጎረቤቲቱ የልጁን እጅ ይዛ እንደ እናት ትሄዳለች፤ የወለደችው ከኋላ እንደ ቤት ሠራተኛ ትከተላለች። ለጥቁር በተከለከለው በሂልብሮው በድብቅ ቤት ተከራይታ ስትኖርም የሠራተኛ ልብስ ለብሳ የምትወጣበት ጊዜ ነበር። ከአባቱ ጋር ሲሆኑ ደግሞ ሌላ ጭንቅ አለ። አንድ ቀን በመናፈሻ ልጁ አባባ እያለ ወደ አባቱ ሮጠ፤ አባትየው ሰው እንዳያይበት ሸሸ፤ ልጁ ጨዋታ መስሎት አባረረው። ልዩነቱን ግን አስተውሉ። ዮካብድ ልጇን ሸሸገች፤ ይህች ሴት ግን በአደባባይ ይዛው ትወጣ ነበር። ሸሽጎ ማቆየቱ የአያቱ ድርሻ ሆነ፤ ወደ ጥቁሮቹ ሰፈር ወደ ሶዌቶ ሲሄድ አያቱ ከግቢ አታስወጣውም። ሲያጠፋም አትመታውም ነበር፤ የጥቁር ልጅ ሲመታ ጥቁር ነው፣ ይኼ ግን ሰማያዊም አረንጓዴም ቀይም ይሆናል ብላ ፈርታ።

አሁን ወደ ኋላ እንመለስ። ይህ ሁሉ ከፖሊስ ጣቢያ የተጀመረ እንዳይመስላችሁ፤ የተጀመረው ከጌታ ማዕድ ነው። በ1829 የኬፕ የደች ሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ፣ ነጭና ነጭ ያልሆነ ምእመን አብረው ይቁረቡ ወይ ተብሎ ተጠየቀ። መልሱ በእግዚአብሔር ቃል ላይ የቆመ ነውና ቀለም ሳይለይ ሁሉም አብሮ ይቁረብ የሚል ነበር። መልካም ትምህርት ነው። በ1857 ጥያቄው ተመልሶ መጣ። ሲኖዶሱ አሁንም በአንድ ጉባኤ መሆኑ የሚፈለግና እንደ መጽሐፍ ነው አለ። ከዚያ ግን ከአንዳንዶቹ ድካም የተነሣ ይህ እንቅፋት ከሆነ፣ ከአረማዊነት የመጡት በተለየ ሕንፃ ይገልገሉ ብሎ ፈቀደ። ድካም የተባለው ከክልስ ወይም ከጥቁር ወንድማቸው ጋር በአንድ ጽዋ መጠጣት የከበዳቸው የነጮቹ ድካም ነው። በ1881 ለክልሶቹ ለብቻው የሚስዮን ቤተ ክርስቲያን ተቋቋመላቸው።

በኃጢአትና በኑፋቄ መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ጋ በደንብ ይታያል። ትምህርቱ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሰው ሲስት ኃጢአት ይባላል፤ የሳተው ሰው የሚመለስበት ቦታ አለው። ኑፋቄ የሚሆነው ስሕተቱ እንዳይወቅሰን ትምህርቱን ራሱን ስናጣምመው ነው። የ1857ቱ ሲኖዶስ ነገሩን ድካም ብሎ ጠርቶት ነበር፤ ማለትም ስሕተት መሆኑ ገና ይታወቀው ነበር። የልጅ ልጆቻቸው ግን የዘር መለያየትን የእግዚአብሔር ፈቃድ አሉት። የተቀላቀለ ጋብቻ ይከልከል የሚል አቤቱታም ከአብያተ ክርስቲያናቱ ወደ መንግሥት ሄደ። በ1948 የአገሪቱን መንግሥት ሥልጣን የያዘው ዳንኤል ማላን ራሱ የዚያው ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የነበረ ሰው ነው። ከጽዋው የተጀመረው መለያየት መቶ ዓመት ሳይሞላው የሰው መኝታ ቤት ገብቶ አልጋ የሚፈትሽ ፖሊስ ሆነ።

ከዚህ ጋር ኢትዮጵያን የሚነካ ነገር አለ። ነጭና ጥቁር አገልጋዮች በተለያየ ስብሰባ እንዲቀመጡ መደረጉ ያስቀየመው ማንጌና ሞኮኔ የሚባል የሜቶዲስት አገልጋይ፣ በ1892 ፕሪቶሪያ ላይ ወጥቶ «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» ብሎ አቋቋመ። ስሙን የወሰደው ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር እንደምትዘረጋ ከሚናገረው መዝሙር ነው። እኛን አይቶን አያውቅም፤ ስማችን ግን እዚያ ማዕድ ለተነፈገው ሕዝብ መጠሪያ ሆነ።

የፓትሪሺያን እሑድ ያለዚህ ታሪክ ብናነበው ቀልድ ብቻ ይመስለናል። ልጇን ይዛ በአንድ ቀን ሦስት ቤተ ክርስቲያን ትሄድ ነበር። መጀመሪያ ራንድበርግ፣ ዘር የተቀላቀለበት ጉባኤ፤ መዝሙሩንና ደስታውን ትወደው ነበር። ቀጥሎ ሳንድተን፣ የነጮች ቤተ ክርስቲያን፤ እዚያ ቃሉ በዝርዝር ይብራራል። ከሰዓት በኋላ ሶዌቶ፣ የጥቁሮቹ፤ እርሱ ለሰዓታት ይቆያል፣ ጸሎቱም የጋለ ነው። አንድ ቅዳሴ ረዘመብን የምንል እኛ ይህን እንስማ! አሮጌዋ ቮልስዋገን አልነሣም ካለች ልጁ ደስ ይለዋል፣ ዛሬ እንዳንሄድ የጌታ ፈቃድ ነው ብሎ ይከራከራል። እርሷ ግን የከለከለን ሰይጣን ነው፣ ስለዚህ በሚኒባስ እንሄዳለን ትለዋለች። እንዲህ ባለ ቀን ነው አንድ ጊዜ የሚኒባሱ ሾፌር ሲዝትባቸው ልጇን ከሚሄድ መኪና ገፍትራ ጥላው ሕፃኑን ታናሽ ወንድሙን ታቅፋ ተከትላ የዘለለችው።

ይህች ሴት ሰልፍ አልወጣችም፤ ሲኖዶስም ላይ አልተናገረችም። 1857 የሚባል ዓመት ትዝ ይላት እንደሆነም እጠራጠራለሁ። በየቤተ ክርስቲያኑ የምታገኘው ስላለ ሄደች፤ በቃ። ግን ሲኖዶሱ የለያየውን ሦስት ጉባኤ በአንድ ቀን እያዞረች ለአንድ ልጅ አሳየችው። ትምህርተ ሃይማኖት እንዲህም ይተላለፋል። አብዛኞቻችን የቤተ ክርስቲያንን አንድነት ያወቅነው ከመጽሐፍ ሳይሆን እጃችንን ይዞ ከወሰደን ሰው ነው።

ለዚህ ሐዋርያዊ ምሳሌ አለን። ጢሞቴዎስ ክልስ ነበር። በሐዋርያት ሥራ 16 እንደምናነበው እናቱ ያመነች አይሁዳዊት፣ አባቱ የግሪክ ሰው ነው። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በሁለተኛው መልእክቱ እምነቱን ሲያመሰግን ወደ አያቱ ወደ ሎይድና ወደ እናቱ ወደ ኤውንቄ ይመልሰዋል፤ አባቱን ግን አያነሣም። አባት በሌለበት ወይም ዝም ባለበት ቤት ሁለት ሴቶች ጳጳስ አሳደጉ። የትሬቨርም ቤት እንደዚያ ነበር። በሶዌቶ በአያቱ ጎጆ የሰፈሩ ሴቶች ለጸሎት ሲሰበሰቡ ልጁን በእንግሊዝኛ ጸልይ ይሉት ነበር፤ በዚያ ቋንቋ የጸለየ ቶሎ ይሰማል ብለው ያምኑ ስለ ነበር። እዩት፤ ኑፋቄው የገፋውን ሰው ጸሎት እንኳ ሳይቀር ገብቶበታል። ፓትሪሺያ እንግሊዝኛ የተማረችው በልጅነቷ ትራንስካይ፣ በረሃብ መካከል፣ በሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። ለልጇ መጀመሪያ ያስተማረችው ይህንኑ ቋንቋ ሆነ። መጽሐፍ ገዛችለት፤ የነጮችን ሰፈር እያዞረች አሳየችው። ከጌቶ ለማይወጣ ልጅ ይህ ምን ያደርግለታል ሲሏት፣ ባይወጣም እንኳ ጌቶው ዓለም እንዳልሆነ ያውቃል አለች።

በእኛም ምድር እንዲህ ያለ ሕግ ነበረ። በ1937 የፋሺስት ኢጣሊያ መንግሥት አንድ ኢጣሊያዊ በቅኝ ግዛቱ ካለች ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር አዘዘ። በ1940 የወጣው ደግሞ አባትየው ክልስ ልጁን በሕግ የእኔ ነው እንዳይል ከለከለ። ልጁ በእናቱ ወገን ይቆጠር፣ የማሳደጉም ወጪ በእርሷ ላይ ይሁን አለ። በአሥመራም በአዲስ አበባም በዚያ ዘመን የተወለዱትን ያሳደጉ እናቶች ብዙ ናቸው። ስለ እነርሱ የተጻፈልን ጥቂት ነው፤ አንዳንዶቻችሁ ግን ከአያቶቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል።

ፓትሪሺያን እንደ ገድል አንብቡ አልልም። ልጇን በበትር ትቀጣ ነበር፤ ከፖሊስ ዱላ ይሻለዋል ብላ። ይህን እናት ሁሉ አታድርገው። ከዚህ የሚከብደው ግን በኋላ የደረሰባት ነው። ያገባችው ሰው የሚመታት ሆነ። ለፖሊስ ስታመለክት የቤተሰብ ጉዳይ ነው ተብላ ተመለሰች። በ2009፣ ከተለያዩ በኋላ ያ ሰው ተኩሶ ጭንቅላቷን መታት፤ ጥይቱ በአፍንጫዋ በኩል ወጥቶ ተረፈች። ሰውየው እስር ቤት አልገባም። እኛ ዘንድም ሽማግሌ ተልኮ ቻይው የምትባል ሴት የምትሰማው ኤፌሶን 5 ቁጥር 22ን ነው። ይህም ግማሽ ንባብ ነው። ቁጥር 21 ሁላችሁም እርስ በርሳችሁ ተገዙ ይላል፤ ቁጥር 25 ባልን ራሱን አሳልፎ እስከ መስጠት ያደርሰዋል። መንግሥት ግማሽ ቁጥር ይዞ ልጇን ወንጀል አለው፤ ሌላ ግማሽ ቁጥር ደግሞ ቤቷ ውስጥ ሊገድላት ምንም አልቀረውም።

ስለ ኑፋቄው መጨረሻ ጥቂት ልጨምር። በ1974 የነጮቹ ቤተ ክርስቲያን ባጸደቀው ሰነድ መጽሐፍ ቅዱስ የተለያየ ዕድገትን አይከለክልም ብሎ አስተማረ። በ1977 ዳሬሰላም ላይ የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን አፓርታይድን መቃወም የእምነት ምስክርነት ጉዳይ ነው አለ፤ የእኛው መካነ ኢየሱስም የዚህ ፌዴሬሽን አባል ናት። በ1982 ኦታዋ የተሰበሰበው የሪፎርምድ አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት ለአፓርታይድ የሚሰጠውን የሃይማኖት ማጽደቂያ ኑፋቄ ብሎ ፈረደበት፤ ሁለት የነጮች አብያተ ክርስቲያናትንም አገደ። በዚያው ዓመት በኬፕታውን አጠገብ በቤልሃር አንድ ሲኖዶስ ተቀምጦ የእምነት መግለጫ አረቀቀ፤ በ1986 ጸደቀ። መግለጫው ከሥላሴ ይጀምራል። ቤተ ክርስቲያንን የሰበሰበ እርሱ ስለሆነ አንድነቷ በዓይን የሚታይ መሆን አለበት፤ ሰው በትውልዱ ምክንያት ከአባልነት ሊገደብ አይችልም ይላል። ሲኖዶሱ የማን እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ? በ1881 ማዕዱ ተለይቶባቸው ለብቻቸው የተደረጉት የክልሶቹ ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1990 በሩስተንበርግ ቪሊ ዮንከር የተባለ የነጮቹ ቤተ ክርስቲያን የትምህርተ ሃይማኖት መምህር ተነሥቶ ስለ ራሱም ስለ ቤተ ክርስቲያኑም ኃጢአቱን ተናዘዘ። የአንግሊካኑ ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ እዚያው ቆሞ ተቀበለው። ሁሉም አልወደዱለትም፤ ይቅርታው ፈጠነ ያሉ ጥቁር ክርስቲያኖች ነበሩ፤ እኔም ተሳስተዋል ለማለት አልደፍርም።

ለሚመጣው ሳምንት ሁለት ንባብ አዘጋጁ። አንደኛው ዘኁልቁ 12 ነው። ሙሴ ኢትዮጵያዊት በማግባቱ ማርያምና አሮን ተናገሩት። ያስቀየማቸው የቀለሟ ነገር ነው ብሎ መጽሐፉ አልጻፈም፤ ስለዚህ ቸኩላችሁ አትፍረዱ፣ ግን እግዚአብሔር ለማን እንደ ወገነ ልብ በሉ። ሁለተኛው ከባድ ነው። ጳውሎስ ክልሱን ጢሞቴዎስን በአይሁድ ምክንያት ገረዘው፤ በገላትያ 2 እንደ ጻፈው ግን ግሪካዊውን ቲቶን ለመግረዝ እሺ አላለም። ለአንዱ የተፈቀደው ለሌላው ለምን ተከለከለ? የ1857ቱ ሲኖዶስ ለደካሞች አዝኜ ነው ብሎ ነበርና፣ ለደካማ ማዘን የት ድረስ እንደሚሄድ የምንነጋገረው ከዚህ ተነሥተን ነው።